የፈረቃ ሰሌዳውን የሚያወጣው ማን ነው?

ሳር ቤት አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሲከፈት ወለሉ ተወልውሎ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ተራግፎ፣ መጸዳጃ ቤቱ ታጥቦ ይጠብቃል። ሠራተኛው ቦርሳውን ያስቀምጣል፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ ቀኑ ይጀመራል። ያንን ወለል የወለወለችው ሴት ግን ቀኗን የጀመረችው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከጀሞ ወይም ከሀና ማርያም ማዶ ካለው የኪራይ ቤቷ ስትወጣ የሚኒባስ ረዳት ገና አይጣራም፤ ከጎረቤቷ ጋር ተጠራርተው በጨለማ ይሄዳሉ። ልጇን ቀስቅሶ ልብስ የሚያለብሰው፣ ቁርስ አብልቶ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሌላ ሰው ነው። ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ ኃላፊነቱ በታላቅ እህት ላይ ይወድቃል።

ይህን ሰዓት አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነው ያወጣው። በእኔ መሥሪያ ቤት ያንን ሰዓት የማወጣው እኔ ነኝ።

የምሠራው በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ነው። አዲስ አበባን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ ከተሞች ያሉት ቢሮዎቻችን ውኃቸው፣ መብራታቸው፣ ሊፍታቸው፣ ጽዳታቸውና ጥበቃቸው በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው። የምኖረው ለቡ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወደ ሙያው የሚገቡ ወጣት ሴቶች ሲያገኙኝ አዘውትረው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሥራና ቤትን እንዴት ነው ያቻቻልሽው ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ግን መልሱ ስለ እኔ ጉብዝና እንዲሆን አልፈልግም። ሥራና ቤት የሚቻቻሉት ወይም የሚጣሉት በአብዛኛው በሥራ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳውን የሚያወጣ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤቶችን ማታና ጠዋት ይወስናል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሕንፃን በሕይወት የማቆየት ሥራ

ፋሲሊቲ ማኔጅመንት የሚባለው ሙያ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ቢመስልም ሥራው እንግዳ አይደለም። በመሥሪያ ቤቶቻችን ጠቅላላ አገልግሎት የሚባለው ክፍል ሲሠራው የኖረ ነው። ልዩነቱ ዛሬ የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ማኅበርና የራሱ መመዘኛ ያለው መሆኑ ነው። በዘርፉ ትልቁ የሙያ ማኅበር አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደግሞ ለሙያው አይ.ኤስ.ኦ. 41001 የተባለውን መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥቷል።

ሥራው የሚጀመረው ሪባን ተቆርጦ፣ እንግዶች ጭብጨባቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ነው። የአፍሪካ አዳራሽን እንውሰድ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት የሚያበራው ይህ አዳራሽ ጥር 1953 ዓ.ም. ተመርቆ ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ ሰፊ እድሳት ተደርጎለት እንደገና የተከፈተው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ከስልሳ ዓመት በላይ አለ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሰው ቧንቧውን ሲጠግን፣ አምፖሉን ሲቀይር፣ ጣሪያውን ሲያይ ኖሯል። የዚያ ሰው ስም በምርቃት ድንጋይ ላይ አይጻፍም።

የከተማችን ሕንፃዎች እየረዘሙ ነው። ከሳር ቤት ብዙም የማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ሲመረቅ 99.9 ሜትር ቁመት ነበረው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ 209 ሜትር ደርሷል። ፎቅ በጨመረ ቁጥር ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ፣ ሰውን የሚያወጣው ሊፍት፣ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወርድበት ደረጃ በየቀኑ የሚያስብላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ሥራችን የዘመን አቆጣጠር አለው። ግንቦት ሳያልቅ አሸንዳው ይጸዳል፤ ሰኔ ሲገባ የተደፈነ አሸንዳ ውኃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋልና። መስከረም ላይ ክረምቱ ያበላሸው ይቆጠራል። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር መንገድ ስለሚዘጋጋ ናፍጣና የጽዳት ዕቃ ቀደም ብሎ ስቶር ይገባል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ስንት ቀን እንደሚያቆይ በልብ ይታወቃል።

ሙያው ዕውቀት እንደሚጠይቅ ለማሳየት ጄኔሬተርን ላንሳ። ጄኔሬተር ላይ የተጻፈው የኃይል መጠን አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ሲያንስ የሚሰጠው ኃይልም ያንሳል። ስለዚህ ጂቡቲ ላይ ሊፍትና ፓምፕ ያለ ችግር የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር እዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያቅተው ይችላል። ይህንን ሳያስብ የገዛ መሥሪያ ቤት መብራት በሄደ ቁጥር ሰው ሊፍት ውስጥ ይቀርበታል።

ከንብረት ክፍል ወደ ብዙ ከተሞች

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 መመዝገብ፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ማስፈረም ነበር የዕለት ሥራዬ። ብዙ ሰው አሰልቺ ይለዋል። ለእኔ ግን ትምህርት ቤት ሆነኝ፤ የትኛው ሕንፃ ስንት ቧንቧ እንደሚበላ፣ የትኛው ፎቅ አምፖል ቶሎ ቶሎ እንደሚያቃጥል ከሞዴሎቹ ላይ ይነበብ ነበር። አንድ ፎቅ በየወሩ አምፖል የሚጠይቅ ከሆነ ችግሩ የአምፖሉ ሳይሆን የመስመሩ ነው። ይህንን ለአለቃዬ በወረቀት ሳሳይ ወደ ጠቅላላ አገልግሎት አዛወረኝ።

እዚያ ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ቴክኒሺያን ናቸው። ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ፓምፕ ክፍል ይዘውኝ ገብተው ዝም ብዬ እንዳዳምጥ ያደርጉኝ ነበር። «ልጄ፣ ፓምፕ ሳይናገር አይቆምም፤ ሰሚ ነው የሚያጣው» ይሉኛል። የሙያው ዋና ነገር በዚህች ንግግር ውስጥ አለ። ከመሰበሩ በፊት መስማት፣ ከመቆሙ በፊት መቀየር፣ ከመዝነቡ በፊት ጣሪያ ላይ መውጣት፤ እኛ ቅድመ ጥገና እንለዋለን።

ሴት መሆን በዚህ ሙያ የራሱ ፈተና ነበረው። የሊፍት ወይም የጄኔሬተር ባለሙያ ሲመጣ «ኃላፊውን ጥሪልን» ይለኛል። ኃላፊዋ እኔ ነኝ ስለው ወደ ኋላዬ ያያል። ጣሪያ ላይ ለመውጣት መሰላል ስይዝ «አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» የሚል አይጠፋም። መልሴ ሁልጊዜ ሥራው ላይ ነበር፤ ወጥቼ አያለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ወርጄ ቀዳዳው ያለበትን ቦታ በሜትር እነግረዋለሁ።

ሥራው ራሱ ግን ለሴት እንግዳ ሆኖ አያውቅም። እቴጌ ጣይቱ የቤተ መንግሥቱን ማዕድ ቤትና ግብር በበላይነት ሲመሩ፣ በስማቸው የሚጠራው የፒያሳው ሆቴል ሲቋቋምም ሆነ ሲሠራ፣ የሚያስቡት እኛ የምናስበውን ነበር፤ የሰው ብዛት፣ ስንቅ፣ ውኃ፣ እንጨት፣ አገልጋይ፣ ሰዓት። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ያ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ብዙዎቻችን አዝነናል። ቃጠሎው፣ እንጨት የበዛበት አሮጌ ቤት ሲያዝ የኤሌክትሪክ መስመር ምርመራና እሳት ማጥፊያ ከቅርስ ጥበቃው ጋር አንድ ላይ መታሰብ እንዳለበት ለሙያችን ትልቅ ማስታወሻ ነው።

የሩቅ ከተሞች ሰዓትና የእራት ሰዓት

ዛሬ ከአዲስ አበባ ሆኜ ሌሎች ከተሞችን አያለሁ። የናይሮቢ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው። ዳካር ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እዚያ ቢሮ የሚዘጋበት ጊዜ ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አውሮፓ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ያንቀሳቅሳል፣ እኛ አናንቀሳቅስም፤ ስለዚህ በበጋቸው ከቀኑ 10 ሰዓት የነበረው ስብሰባ በክረምታቸው 11 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው እናት የሚፈልጉበት ሰዓት ላይ ማለት ነው። ኒው ዮርክ ያለ ሰው ጠዋት ቡናውን ይዞ ስብሰባ ሲጠራ እዚህ ወጥ ይሞቃል። የበዓላችንም ቀን ለብቻው ነው። እነሱ ታኅሣሥ 16 ቀን ገናቸውን ሲያከብሩ ስልክ አይደወልም፤ እኛ ታኅሣሥ 29 ዶሮ ስንሠራ የኢሜይል ሳጥኑ እንደ ወትሮው ይሞላል።

ከዚያ ደግሞ የማይጠበቀው አለ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ልጆቹን ይዞ ደረጃ ወርዷል። እንደ እኔ ሕንፃ የሚጠብቅ ሰው ልጆቹን ካወረደ በኋላ ስልኩን ያነሳል። ጥበቃዎቹ ደኅና ናቸው ወይ? ግድግዳው ተሰንጥቋል ወይ? ጋዝና ውኃ ይዘጋ ወይ? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ አብዛኛው የቢሮ ሠራተኛ ከቤት እንዲሠራ ሲባል የጽዳት፣ የጥበቃና የጥገና ሰው ግን መምጣት ነበረበት። ውኃ ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት የቆመበት ቧንቧ ጀርም ያፈራል፤ ባዶ ሕንፃም ሰው ይፈልጋል።

በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ቤት የሚተርፈው በሦስት ነገሮች ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ተረኛ መኖሩ ነው። ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ሰው በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ እኔም በተራዬ ብቻ እገባለሁ። ሁለተኛው ለምን እንደሚደወል በጽሑፍ መወሰኑ ነው። እሳት፣ የውኃ መጥለቅለቅ፣ ሊፍት ውስጥ የቀረ ሰው፣ የሰው ጉዳት፣ የጸጥታ ችግር፤ ለእነዚህ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል። የተቃጠለ አምፖልና የጠፋ ቁልፍ እስከ ጠዋት ይቆያሉ። ሦስተኛው ተረኛው የመወሰን ሥልጣን እንዲኖረው ማድረግ ነው። ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ቧንቧ ለመግዛት የእኔን ፊርማ የሚጠብቅ ከሆነ እሱም አይተኛም፣ እኔም አልተኛም። እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ ራሱ ወስኖ ይግዛ፤ ጠዋት ደረሰኝ ያቅርብ።

ሙያችን ስለ ዕቃ የሚያውቀውን ስለ ሰው ግን ይረሳዋል። አንድ ፓምፕ ብቻ ያለው ሕንፃ ፓምፑ የቆመ ቀን ውኃ ያጣል፤ ለዚህ ነው ሁለት ፓምፕ አስገብተን በየተራ የምናሠራቸው። ሁሉም ነገር በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ የሆነበት ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት ያው ነው። እኔ ከሌለሁ ይቆማል የሚለው ንግግር የታማኝነት ምልክት ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ፤ በእኛ ሙያ ግን የአደጋ ምልክት ነው።

ሕጉ የሰጠው፣ ሕንፃው የነፈገው

በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሆኗል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው። ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ላይ ያለችንም ሴት ይመለከታሉ። በኤጀንሲ በኩል መቀጠሯ መብቷን አይወስደውም። ሌሊት ተነስታ የምትመጣ ነፍሰ ጡር ካለች ሕጉን የሚያስከብረው የፈረቃ ሰሌዳ የሚያወጣው ሰው ነው።

ግን ሕጉ ብቻውን አይበቃም፤ ሕንፃውም መተባበር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲያገኝ ይመክራል። እናትየው የምትመለሰው ደግሞ በ3 ወሯ ነው። በቀሪዎቹ 3 ወራት ወተቷን የምታልብበት፣ በሩ የሚቆለፍ፣ ወንበር፣ እጅ መታጠቢያና ትንሽ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ከሌለ ሥራና ልጅ በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ይጋጫሉ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር። በበጀት ስብሰባ ላይ ቦታ የለም ሲባል ቦታውን የሚያውቀው የሕንፃው ኃላፊ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ አሮጌ ወንበርና የተበላሸ ፕሪንተር የሚያከማችበት ክፍል አለው። ያንን ክፍል አስለቅቆ ቀለም መቀባትና ቧንቧ መሳብ ከትልልቆቹ ወጪዎች ተርታ የሚገባ አይደለም።

ሰፈራችንም ይህንኑ ይናገራል። ጀሞ፣ ጎፋ፣ ለቡና ሀና ማርያም ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ሕንፃዎች ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ የሆነውን ጣሪያ፣ ደረጃና ቧንቧ የነዋሪዎች ማኅበር እንዲያስተዳድር ያደርጋል። ማኅበሩ ሮቶና ፓምፕ አስገብቶ በሚገባ ከያዘ ቤቱ ውኃ አለው። ካልያዘ ጀሪካን ይወጣል። ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣው ማን እንደሆነ በየደረጃው ቆሞ ያየ ያውቀዋል፤ ከሥራ የተመለሰች እናት፣ ወይም ጥናቷን አቋርጣ የወጣች ልጅ ናት። የተበላሸ ፓምፕ የሴቶችን ምሽት ይበላል። ፓምፕ ያስጠገነ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ለሴቶች ሰዓት መልሷል።

ጽዳት በቀን

አሁን ወደ ጀመርኩበት ሰዓት ልመለስ። ጽዳት ለምን ሌሊት ይሠራል? ብዙ ቦታ ላይ መልሱ ልማድ ነው። የቢሮ ሰው መጥረጊያ ሲንቀሳቀስ ማየት አይወድም፣ ይረብሸኛል ይላል፤ ስለዚህ ጽዳቱ ሰው ሳይገባ ወይም ሰው ከወጣ በኋላ ይደረጋል። በስካንዲኔቪያ አገሮች ግን ቢሮ በቀን ማጽዳት የተለመደ አሠራር ነው። ይህንን ካየሁ በኋላ በምመራቸው ቢሮዎች ውስጥ ለመሞከር ወሰንኩ።

ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ተቃውሞ ድምፅ ነበር፤ ድምፁ ዝቅ ያለ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ገዛን። ሁለተኛው ወለሉ እርጥብ ይሆንና ሰው ይወድቃል የሚል ነበር፤ ኮሪደሩን ግማሽ ግማሹን እያደረግን፣ ምልክት እያቆምን መወልወል ጀመርን። የስብሰባ አዳራሾችን በስብሰባው ፕሮግራም መሠረት ባዶ በሆኑበት ሰዓት አደረግን። መጸዳጃ ቤቶች ቀድሞ ጠዋት አንዴ ይጸዱ ነበር፤ አሁን በቀን ውስጥ ተደጋግመው ይታያሉ፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የነበረው ቅሬታ ቀነሰ። ለጽዳት ብቻ ተብሎ በሌሊት ሙሉ ፎቅ መብራት ማብራትም ቀረ።

ትልቁ ለውጥ ግን ሴቶቹ ላይ ነው። የሥራ መግቢያቸው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሆነ። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ አለ፣ ሸገርና አንበሳ አውቶቡስ አለ፣ ከቃሊቲና ከሳሪስ በኩል ለሚመጡት ደግሞ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አለ። መንገዱ ላይ ሰው አለ። ከመካከላቸው አንዷ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ሰሌዳው በተለወጠ ሰሞን ኮሪደር ላይ አስቁማኝ «እህቴ፣ ልጄ ዩኒፎርም ሲለብስ አየሁት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አሠራር ማስረጃ ስጠየቅ ከኤሌክትሪክ ሂሳቡ በፊት የምጠቅሰው ይህንን ነው።

ሌላም ነገር አይቻለሁ። በቀን የሚሠሩ ሰዎች ይታያሉ፤ የሚታይ ሰው ስም አለው። የቢሮው ሠራተኛ ቁጭ ብሎ የሚሠራበትን ጠረጴዛ ማን እንደሚያጸዳው አወቀ፣ ሰላምታ መስጠት ጀመረ፣ ስኒውን ራሱ ወደ ማጠቢያው መውሰድ ጀመረ። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍልና ቦርሳ የሚያስቀምጡበት ቁም ሣጥን ይገባቸዋል ስል ቀድሞ የተከራከሩኝ ሰዎች አሁን አይከራከሩም።

ጥበቃን ወደ ቀን ማዛወር አይቻልም፤ ሌሊት ሰው ያስፈልጋል። እዚያ የምንችለው የፈረቃውን መቀያየሪያ ሰዓት ትራንስፖርት ባለበት ጊዜ ማድረግ፣ ሌሊቱን ለሁሉም በእኩል ማከፋፈልና ሰሌዳውን ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መለጠፍ ነው። የሚቀጥለው ወር ሰሌዳዋን ያወቀች ሴት የልጇን ክትባት ቀን፣ የማታ ትምህርቷን፣ የዕድሯን ተራ ማስማማት ትችላለች። ዛሬ ማታ ግቢ ተብላ የምትጠራ ሴት ምንም ማስማማት አትችልም።

ቤት ውስጥም ሰሌዳ አለ

በመሥሪያ ቤት የምለውን በቤቴ ካላደረግሁት ቃሌ ዋጋ የለውም። እኔ ምሽት ላይ ስብሰባ የምገባው ቤቴ ውስጥ ልጆቼን የምትይዝ ሌላ ሴት ስላለች ነው። አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኞችን በቀጥታ አይሸፍንም፤ የሥራ ሁኔታቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ ለዚህች ሴት የሥራ ሰዓት የሚያወጣላት የምትሠራበት ቤት ነው። እኛ ቤት ሥራዋ የሚያልቅበት ሰዓት በግልጽ ተነግሯታል፤ በሳምንት የዕረፍት ቀኗ አይነካም፤ የማታ ትምህርት ስለምትማር ክፍል ባላት ምሽት የእኔ ስብሰባ ካለ ባለቤቴ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ካልቻለ እኔ ስብሰባውን አልገባም። ደመወዟም የወሩ መጨረሻ ላይ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይከፈላታል።

ባለቤቴ በቤታችን የጠዋት ፈረቃ ተረኛ ነው። ልጆቹን ቀስቅሶ፣ አልብሶ፣ አብልቶ የሚያደርሰው እሱ ነው። ዘመድ ሲመጣ እሱን «እያገዛት ነው» ይሉታል። እሱ ግን የልጆቹ አባት ሆኖ የራሱን ሥራ እየሠራ ነው። እናቴ ልጆቻችንን ስታሳድግልን የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ዕድሜዋ ገፍቷል፣ የምታርፍበት ጊዜ ነው። የሥራና የቤት ሚዛን የምንለው ነገር ከአንዲት ሴት ትከሻ ወርዶ በሌላ ሴት፣ በእናት ወይም በሞግዚት ትከሻ ላይ ብቻ የሚጫን ከሆነ ሸክሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀለለም።

ምን ይደረግ?

ድርጅት የምትመሩ ሰዎች የጽዳት ውል ስትዋዋሉ ዋጋውን ብቻ አትመልከቱ። ሠራተኞቹ በስንት ሰዓት እንደሚገቡ፣ ምን ያህል እንደሚከፈላቸው፣ የወሊድና የዓመት ፈቃዳቸው እንደሚጠበቅ በጨረታው ሰነድ ላይ ጻፉ። በሰነዱ ላይ የሌለ ነገር በኋላ በልመና አይገኝም። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባላት ፓምፑ ሳይቆም ለጥገናው በየወሩ ገንዘብ አስቀምጡ። ሕንፃ የምትነድፉ ባለሙያዎች የጽዳት ሠራተኛ የምትቀመጥበትን፣ እናት ወተቷን የምታልብበትን ክፍል በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሳሉት። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ማዘዙ ሕንፃ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ በሕግ ሊመለስ እንደሚችል ያሳያል።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ እህቶቼ ሥራው ይፈልጋችኋልና ኑ እላለሁ። ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ውል፣ በጀትና ሰው በአንድ ላይ የሚማሩበት ሌላ ሙያ ብዙ የለም። ጣሪያ ላይ ውጡ፣ ፓምፑን አዳምጡ፣ ያወቃችሁትን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ምክትላችሁን አሠልጥኑ፣ ስልካችሁን በተራ አንሱ። ሥልጣን ያገኛችሁ ቀን ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ የፈረቃ ሰሌዳውን አውጥታችሁ እዩት።

ሴት ኃላፊ ስትሆን ቤቷን እንዴት እንደምትይዝ ሁሉም ይጠይቃታል። በእሷ ሰሌዳ ላይ ስማቸው የተጻፈ ሴቶች ቤታቸውን እንዴት እንደሚይዙም እንጠይቃት። ወንድ ኃላፊንም ሁለቱንም ጥያቄ እንጠይቀው። መልሱን በየወሩ በሚለጠፈው ሰሌዳ ላይ ማየት መብታችን ነው።